በሰፈር ደረጃ የአበባ ራሶችን ለመትከል፦ ለመስከረም 1 እንዲደርስ ምን፣ መቼ፣ ስንት?

የዕድር ጸሐፊ · ጥር 12

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ላለች አንዲት ሰፈር ዕቅድ እያወጣን ስለሆነ የምታውቁ እርዱን። ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ አፈሩ ዋልካ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ አለ። ዕድሩ የሰው ጉልበት ይሰጣል፣ ቀበሌው ቦታውን ፈቅዷል።

ቦታዎቹ አራት ናቸው። ከአስፋልቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር 40 ሜትር ርዝመት በ80 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ግራና ቀኝ 12፣ 12 ሜትር። በአስፋልቱ ቦይ ዳር 50 ሜትር። አራተኛው ቦኖ ውኃው አጠገብ ያለው ሁልጊዜ ጭቃ የሚሆነው ቦታ ነው።

ሐሳባችን ዘር ዘርቶ በየዓመቱ ችግኝ ከማፍላት ይልቅ እንደ ሽንኩርት ራስ ያላቸውን (ግላዲዮለስ፣ ሴት አኩሪ፣ ካላ ሊሊ) መትከልና ራሳቸው እየተባዙ እንዲሄዱ ነው። በእንቁጣጣሽና በመስቀል መሀል እንዲያብብ እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?

ባለ ችካል · ጥር 12

ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ሰኔ 1 የተተከለ ግላዲዮለስ እስከ መስከረም 1 ድረስ 95 ቀን ያገኛል፤ ሰኔ 30፣ ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5። ማሸጊያው ላይ ከ70 እስከ 100 ቀን ተብሎ የሚጻፈው ግን ሞቅ ያለና ፀሐይ ያለው ቦታ ታስቦ ነው። በእናንተ ከፍታ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የለም፣ አፈሩም ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ሳምንት ይጨምራል። ሰኔ መጀመሪያ ዝናቡን ጠብቃችሁ ብትተክሉ አበባው መስቀል ካለፈ በኋላ ይመጣባችኋል። ደጋ ላይ ይህ ስሕተት በብዛት ይታያል።

ሦስት ዙር አድርጉት። የመጀመሪያው ግንቦት 1 ይግባ፣ 125 ቀን ያገኛል። ሁለተኛው ግንቦት 10፣ 116 ቀን። ሦስተኛው ግንቦት 20፣ 106 ቀን። አንድ የአበባ ዘንግ ከታች ወደ ላይ እየፈነዳ የሚቆየው ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ከመስከረም 1 እስከ 17 ደግሞ 16 ቀን አለ፤ በአንድ ዙር ተከላ አይሸፈንም። የዘገየው ዙር ለመስቀል ይሆናል፣ የቀደመው ለእንቁጣጣሽ።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ከቀረ በሳምንት ሁለቴ ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ማጠጣት ግድ ነው። ራሱ ሥር ሲሰድ ከደረቀበት ዘንጉ አጭር ሆኖ ይቀራል። በኋላ ሐምሌ ላይ የቱንም ያህል ቢዘንብ ያ አይካስም።

የመሬት ልጅ · ጥር 13

ቀኑን ከማውራት በፊት ዋልካውን እናስተካክል። ዋልካ ክረምት ላይ ውኃ ይይዛል፣ የግላዲዮለስ ራስ ደግሞ ውኃ ውስጥ ሁለት ሳምንት ከቆየ ከታች ጀምሮ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ጫፉ ላይ ቢጫ ሲሆን ማዳበሪያ ያነሰው ይመስላችኋል፤ ስትነቅሉት ግን ራሱ ቡናማና ለስላሳ ሆኖ በእጃችሁ ላይ ይቀራል። ያኔ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ስለዚህ መደቡ ከመሬት 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 40 ሜትር በ0.8 ሜትር 32 ካሬ ሜትር ነው፤ በ0.25 ሲባዛ 8 ሜትር ኩብ አፈር ይፈልጋል። በመኪና አፈር ማስመጣት አያስፈልግም። ከመደቡ ግራና ቀኝ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ስትቆፍሩ ከአንድ ሜትር ርዝመት ከሁለቱ ቦዮች 0.18 ሜትር ኩብ ይወጣል፣ ለ40 ሜትር 7.2። የቀረውን በደንብ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ይሞላዋል፤ የተቆፈረ አፈርም ላላ ስለሚል ቦታ ይይዛል። በአንድ ካሬ ሜትር 4 ኪሎ ኮምፖስት ካላችሁ ጠቅላላው 130 ኪሎ አይሞላም፣ ዕድርተኛው ከየቤቱ አንድ አንድ ማዳበሪያ ቢያመጣ ይተርፋል።

ቁፋሮው አሁን ጥርና የካቲት ላይ ሳይሆን የበልግ ዝናብ አንድ ሁለቴ ከመታው በኋላ ይሁን። ደረቅ ዋልካ በዶማ አይበገርም፣ እርጥብ ዋልካ ደግሞ ይጣበቃል፤ ጭብጥ አድርገህ ስትጨምቀው ቅርጽ ይዞ፣ በአውራ ጣት ገፋ ስታደርገው የሚፈረከስበት ቀን ነው የሥራው ቀን። ቦዩ መጨረሻው ክፍት ይሁን። መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው።

የውጭ አገር ጎረቤት · ጥር 13

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት ሆላንድ ነው። እዚህ የቱሊፕና የናርሲስ ራስ በርካሽ ይገኛል፣ በመስከረም ተተክሎ በሚያዝያ መንደሩን በሙሉ ያለብሳል። ለሚመጣ ሰው ሁለት ሦስት መቶ ራስ በሻንጣ ብልክ ይጠቅማችሁ ይሆን?

ባለ ችካል · ጥር 13

እግዜር ይስጥልን፣ ሐሳቡ ከልብ እንደመጣ ያስታውቃል። ግን ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው፣ ከውጭ የሚገባ ማንኛውም የሚተከል ነገር የማስገቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ይፈልጋል። በሻንጣ የሚመጣ ራስ ላይ የተጣበቀች ትንሽ አፈር የነማቶድ (ሥር የሚያጠቃ በዓይን የማይታይ ትል) ወይም የሻጋታ መንገድ ናት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሚዘራበት አገር ላይ ይህን በቀላሉ ማየት አይገባም።

ሁለተኛው፣ ቱሊፕ ውስጡ ያለው አበባ ዘንጉን እንዲያረዝም ከ9 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ሳይቋረጥ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ሌሊት ውርጭ አለ፣ ቀን ግን ፀሐዩ ያሞቃል፤ 15 ሳንቲ ሜትር ታች ያለው አፈር እንደ ሆላንድ ክረምት ሦስት ወር ቀዝቅዞ አይቆይም። ቅዝቃዜውን ያላገኘ ቱሊፕ ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ ወይም አበባው አፈር ላይ ተቀምጦ ይፈነዳል። በማቀዝቀዣ ማቆየት ይቻላል፤ ግን በየዓመቱ መደገም አለበት፣ ሙዝና ፖም ካለበት ማቀዝቀዣም አይገባም፣ የፍሬው ጋዝ ውስጡ ያለውን እንቡጥ ይገድላል። ለአንድ ሰው ማሰሮ ያስኬዳል፤ ለሰፈር አይሆንም።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠቁም። አውሮፓ ውስጥ «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» እየተባለ በየሱቁ የሚሸጠው፣ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ጠቆር ያለ ሐምራዊ የሆነው፣ ሲመሽ ሽታው የሚያውድ አበባ የእኛው አገር ተወላጅ ነው። የሳይንስ ስሙ ግላዲዮለስ ሙሪየሊ ይባላል። እነሱ በየአትክልት ቦታው ይተክሉታል፣ እኛ ዘንድ ግን ሰው አያውቀውም። ከአገር ውስጥ አባዢ የሚገኝ ከሆነ ከ40 ሜትሩ ውስጥ 5 ሜትር ስጡት፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ በ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። ከተራው ግላዲዮለስ ዘግየት ስለሚል በመጀመሪያው ዙር ይግባ። ከዱር ግን ማንም ቆፍሮ አያምጣ። ሃያ ራስ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር መንቀል ያንን ቦታ ባዶ ማስቀረት ነው።

የውጭ አገር ጎረቤት · ጥር 14

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። እንግዲያው የራሶቹን መግዣ ልላክ፤ እዚያው ግዙበት።

ጠዋት ጤዛ · ጥር 14

ስለ ቦይ ዳሩና ስለ ቦኖው እኔ ልጨምር።

የዕድር ጸሐፊ፣ ሴት አኩሪ ለቦይ ዳር የተፈጠረች ናት፤ ውኃ ትወዳለች፣ ዋልካም አያስቸግራትም። መግዛት አያስፈልግም፣ ከማንኛውም ጓሮ ይገኛል። ከመሬት በታች እንደ ዝንጅብል የሚሄደውን ግንዷን ቆፍራችሁ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን እንዲኖረው አድርጋችሁ ክፈሉ። ዓይን ማለት ድንች ላይ እንዳለው ሮዝ መልክ ያለው ቀንበጥ ነው። አንድ ዓይን ብቻ ያለው ቁራጭ ይበቅላል፣ ግን በመጀመሪያው ዓመት አያብብም ይሆናል። ቢላዋው ንጹሕ ይሁን፣ የተቆረጠው ፊት ጥላ ውስጥ አንድ ቀን ይድረቅ፣ ከዚያ ዓይኑ ወደ ላይ ሆኖ በ8 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከል።

እዚህ ላይ አደራ። ሴት አኩሪ ቁመቷ ከሰው ትከሻ ያልፋል። መንገዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሚታጠፍበት ቦታ ግራና ቀኝ 5፣ 5 ሜትር ባዶ ተዉ። ልጅ ከኋላዋ ድንገት ቢወጣ ሹፌር አያየውም። ስለዚህ 40 ሜትር ቀረ፣ 80 ቁራጭ ይበቃል። ውርጭ ሲመታት ቅጠሏ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ይወድቃል፤ አትንቀሏት፣ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆርጣችሁ ያንኑ ቅጠል ጉዝጓዝ አድርጉላት። ከታች ያለው ግንድ ደህና ነው።

ቦኖው ላይ ካላ ሊሊ። የፈሰሰው ውኃ ለእሷ ጥሩ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ጭማቂዋ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ውኃ ለመቅዳት የሚመጡ ሕፃናት ቅጠሉን እንዳያኝኩ ከቧንቧው አንድ ሜትር ተኩል አርቃችሁ ትከሉ። ደግሞም ከቦኖው የሚወርደው ውኃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ረግረግ የሚገባ ከሆነ ያበበውን ዘንግ ፍሬ ሳይቋጥር ቁረጡ፤ ረግረግ ውስጥ ከገባች ሣሩን ታለብሰዋለች፣ ለማውጣትም አስቸጋሪ ናት።

ዘር መራጭ · ጥር 15

ለ40 ሜትሩ ስንት ራስ ይግዙ የሚለው አልተመለሰም።

በመስመር አንድ አንድ እያደረጋችሁ አትትከሉ፤ ክፍተቱ ብቻ ይታያል። በእቅፍ ትከሉ። አንድ እቅፍ 7 ራስ ነው፤ አንዱ መሀል፣ ስድስቱ ዙሪያውን በ12 ሳንቲ ሜትር ርቀት። መደቡ ላይ ሁለት መስመር እቅፍ፣ በየመስመሩ በአንድ ሜትር ርቀት፣ የአንዱ መስመር እቅፍ በሌላው መስመር ክፍተት ትይዩ። 80 እቅፍ ይሆናል፣ 560 ራስ። ከአሥሩ አንዱ ስለሚጠፋ 620 ግዙ። የዙሩን ቀን በሦስት ቀለም ችካል ምልክት አድርጉ፦ አንደኛው እቅፍ የግንቦት 1፣ ቀጣዩ የግንቦት 10፣ ሦስተኛው የግንቦት 20፣ እንደገና ከአንድ። እንዲህ ከሆነ በየትኛውም ሳምንት መንገዱ ከጫፍ ጫፍ አበባ አለው። ግማሹን መንገድ በአንድ ቀን፣ ግማሹን በሌላ ቀን ከተከላችሁ ግን ሁልጊዜ ግማሹ ባዶ ይመስላል።

አመራረጥ። ሰፊና ጠፍጣፋ ራስ አይን ይማርካል፣ ግን ያረጀ ነው። ጠበብ ብሎ ወፍራም፣ መሀሉ ከፍ ያለውን ምረጡ፤ ዙሪያው በሜትር ሲለካ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነው ለሰፈር በቂ ነው። ከእያንዳንዱ ከረጢት አምስቱን አንሥታችሁ ልባሱን ግለጡ። ውስጡ ክሬም መልክ ካለውና በአውራ ጣት ሲጫኑት ድንጋይ ከሆነ ደህና ነው። ሰርጎ የገባ ጥቁር ወይም ቡናማ ነጥብ ካለ፣ ሲያነሡት ከቀለለ፣ ወይም ሥር የሚወጣበት ክብ ጠባሳው ላይ ነጭ ሻጋታ ካለ ከረጢቱን በሙሉ መልሱት። አምስቱ ውስጥ አንዱ ከታመመ የቀረውም አብሮ ከርሟል።

ጥልቀቱ በዋልካ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ላላ ባለ አፈር 15። ጠባሳው ወደ ታች፣ ቀንበጡ ወደ ላይ።

ባለ ጓሮ · ጥር 15

ፍግ ላይ አልስማማም። የከብት ፍግ ትኩሱን ብትሰጡት ኃይል አለው። ድንች ላይ ይሠራል እኮ።

የመሬት ልጅ · ጥር 15

ወንድሜ፣ ድንች ላይም ትኩስ ፍግ ቅርፊት በሽታ እንደሚያባብስ ይታወቃል። ራስ ላይ የሚያስከትለው የባሰ ነው፤ ሲበስል ይሞቃል፣ ሥሩን ያቃጥላል፣ የአፈር ሻጋታውንም ይቀልባል። ቅጠሉ ይፋፋል፣ ዘንጉ ግን ለስላሳ ሆኖ በመጀመሪያው ነሐሴ በረዶ ይተኛል። ፍጉ ሽታው ጠፍቶ፣ ጭዱ ሳይለይ ጥቁርና ፍርፍር ሲሆን ብቻ ይግባ። ያም ቢሆን ከራሱ ጋር አይነካካ፤ ከታች ኮምፖስት፣ በላዩ ሁለት ጣት ተራ አፈር፣ ከዚያ ራሱ።

ጉም በጓሳ · ጥር 16

ስለ አውሬ ማንም አላነሣም። ደጋ ላይ ሁለቱ ጠላቶች ፍልፈልና ጃርት ናቸው።

ፍልፈል ከታች ይመጣል። ጠዋት ላይ ክብ ትኩስ የአፈር ቁልል ካያችሁና ትናንት ቆሞ የነበረ ግላዲዮለስ ተዘንብሎ፣ ሲስቡት ያለ ሥር ከወጣ እሱ ነው። ከፍ ያለና ላላ ያለ መደብ ደግሞ ይወዳል፤ ማለትም ለመበስበሱ ችግር ያበጃችሁት መፍትሔ እሱን ይጋብዛል። በአካባቢው ቁልል ካለ መደቡን ስትሞሉ ከሥሩ የዶሮ ሽቦ አንጥፉ፣ ጎኑም 20 ሳንቲ ሜትር ይታጠፍ። 40 ሜትሩን በሙሉ ማንጠፍ ውድ ነው፤ ቁልል ያለበትን ጫፍ ብቻ ማድረግ ይበቃል።

ጃርት ሌሊት ከላይ ይቆፍራል፣ የሚመጣውም ራሱ ገና ሳያቆጠቁጥ በተተከለ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ አፈሩ ትኩስ ስለሆነ። እሾህ ቅርንጫፍ በመደቡ ላይ ለሁለት ሳምንት አልብሱ፣ ከበቀለ በኋላ አንሡ።

ስለ ፍየልና በግ ሽቦ አልመክርም። ከአዝመራ በኋላ ልቅ ግጦሽ ሲጀመር ግላዲዮለሱ ተነቅሎ ስለሚቀመጥ ችግር የለም። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ግን በዕድሩ ደንብ ላይ አንድ መስመር ጻፉ፣ ከብት የለቀቀ ሰው መደቡን ራሱ መልሶ እንዲተክል። አጥር ይፈርሳል፣ ደንቡ ግን ይሠራል።

ጠዋት ጤዛ · ጥር 16

በበሽታ በኩል ሐምሌ ላይ በየሳምንቱ ቅጠል እያገላበጣችሁ እዩ። ብርቱካንማ ዱቄት ያላቸው ትንንሽ እብጠቶች ከታዩ ዋግ ነው። የስንዴው ዋግ በቅጠሉ ርዝመት ይሰለፋል፤ የግላዲዮለስ ዋግ ግን ቅጠሉን አቋርጦ እንደ መሰላል ደረጃ በአግድም ይሰለፋል፣ በዚህ ትለዩታላችሁ። ያንን ቅጠል በላስቲክ ከረጢት ሸፍናችሁ ቆርጣችሁ አቃጥሉ፣ ዱቄቱ እንዳይረግፍ። ቡናማ ነጥብ ሆኖ ጠዋት ግራጫ ጸጉር የሚያበቅለው ሌላ ነው፣ የዝናብና የብርድ ሻጋታ፤ መድኃኒቱ አየር ነው። አረሙን አንሡ፣ ማታ ማታ ከላይ ውኃ አታፍስሱ።

እንቡጡ ሳይፈነዳ ጫፉ ደርቆ ከቀረ፣ ቅጠሉ ላይ ብር መልክ ያለው ጭረት ካለ ትሪፕስ (ጭማቂ የሚመጥ በጣም ትንሽ ነፍሳት) ነው። ከሽንኩርት ማሳ አጠገብ የተተከለ ሁሉ ይህ ያገኘዋል።

ዘር መራጭ · ጥር 17

እኔን የሚያሳስበኝ ካበበ በኋላ ያለው ነው። የሰፈር አበባ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። ለመስቀል ሁሉም ይቆርጣል፣ መቁረጡም ትክክል ነው፣ ለዚያ ነው የተተከለው፤ ነገር ግን ከሥር ጀምሮ የተቆረጠ ግላዲዮለስ ለሚቀጥለው ዓመት ራስ የለውም። ቢያንስ 4 ቅጠል ይቅር። አዲሱ ራስ የሚሠራው በእነዚያ ቅጠሎች ነው፣ ከአበባው በኋላ ባሉት 6 እስከ 8 ሳምንታት። ከመስከረም 17 ስድስት ሳምንት ቁጠሩ፣ ጥቅምት 29 ነው። ስለዚህ ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ውርጩ ሳይከብድ ንቀሉ።

በሹካ አካፋ ከእቅፉ 20 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ አንሡ። ግንዱን ከራሱ ሁለት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ይድረቅ። ያኔ የተጨማደደው አሮጌ ራስ ከአዲሱ ሥር በእጅ ተጠምዝዞ ይላቀቃል፤ የማይላቀቅ ከሆነ ገና አልደረቀም። በመሀላቸው እንደ ሽምብራ የሚያህሉ ልጆች ታገኛላችሁ። እነሱን ለይታችሁ በአንድ መደብ ላይ እንደ ሽንኩርት ዝሩ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ያብባሉ። በዚህ መንገድ 620ው ራስ ሌላ ሰፈር ይበቃል።

በሽንኩርት መረብ ከረጢት አንጠልጥሉ። ላስቲክ ውስጥ አይግባ።

አጋፓንተስ ወዳጅ · ጥር 17

የእናንተን ሁሉ አንብቤ የምለው፣ ግላዲዮለስ በየዓመቱ ተከላና ነቀላ ያለው ሥራ ነው። ሰው የሚሰበሰበው ለሁለት ዓመት ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ነቃይ ይጠፋል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑን በር ለማይነቀል ነገር ስጡት። አጋፓንተስ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ለ24 ሜትር 60 ተክል። ድርቅ ይችላል፣ በአራት አምስት ዓመት አንዴ ብቻ ይከፈላል። ስትከፍሉት በዚያ ዓመት ሳያብብ ሊያልፍ ስለሚችል ሁሉንም በአንድ ዓመት አትክፈሉ።

የዕድር ጸሐፊ · ጥር 18

እጅግ እናመሰግናለን። ዕቅዱን እንዲህ አስተካክለነዋል፦ መደቡና ቦዩ በበልግ ዝናብ በደቦ ይሠራል። ግላዲዮለስ 35 ሜትር በሦስት ዙር፣ የአቢሲኒያው 5 ሜትር ከተገኘ። በሩ ላይ አጋፓንተስ 60፣ ቦይ ዳር ሴት አኩሪ 80፣ ቦኖው ጋ ካላ ሊሊ። ኅዳር ላይ የሚነቅሉ ስምንት ሰዎች ከአሁኑ በዕድሩ መዝገብ ላይ ይጻፋሉ። ራሱን በዕድሩ ዕቃ ቤት እናስቀምጣለን፣ ሽንኩርትና ድስቱ ካለበት።

ባለ ችካል · ጥር 18

ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻው ላይ ያለውን ለውጡ። የአበባ ራስ ከሽንኩርት ጋር አንድ ቤት አይቀመጥም። ይመሳሰላል፤ ለድግስ የሚቸኩል ሰው ጨለማ ውስጥ አንዱን በሌላው ይለውጣል። በተለይ ነገ አማሪሊስ ወይም ክሪነም ከጨመራችሁ ራሳቸው ቁርጥ ሽንኩርት ነው የሚመስለው፣ መርዝም ነው። የተለየ ቤት፣ የተለየ ቀለም ያለው ከረጢት፣ በላዩ «አይበላም» ተብሎ በትልቁ ይጻፍበት።

ግላዲዮለሱ 35 ሜትር ከሆነ ደግሞ 70 እቅፍ ነው፣ 490 ራስ፤ ከመጠባበቂያው ጋር 540 ይበቃችኋል። የተረፈውን ገንዘብ ለዶሮ ሽቦው አውሉት።

የዕድር ጸሐፊ · ጥር 18

ተለውጧል። ራሱ በቀበሌው ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ ይሆናል። ሽቦው ስንት ሜትር እንደሚበቃ ለማወቅ ነገ ጠዋት የፍልፈል ቁልሉን ቆጥረን ቦታውን በችካል እናመለክታለን።